አፏን ያልከፈተችው ዓሣ

አንድ ሸጋው የሚባል ዓሣ አጥማጅ በሰሜን አገር፣ የሥሩ ጠጠር ከላይ በሚታይ ጥርት ያለ ሐይቅ ዳር ይኖር ነበር። የሌላ ሐይቅ አጥማጅ መንጠቆውን ወርውሮ ዕድሉን ይጠብቃል፤ ሸጋው ግን ዓሣውን አይቶ፣ መርጦ፣ አንዳንዴም ሰድቦ ነበር የሚያጠምደው። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ የቀረችው አንዲት ልጁ ትርንጎ ብቻ ናት። ታንኳውን ትቀዝፍለታለች፣ መረቡን ትጠግንለታለች፣ ሲያኮርፍ ታስቀዋለች። ባጭሩ ዓይኑ ነበረች።

ታዲያ ከሐይቁ ማዶ የሚኖር አንድ ታንኳ ሠሪ ወጣት ትርንጎን ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። ሽማግሌ ላከ። በዚያ አገር ሽማግሌ በመጣበት ቀን እሺ ማለት ነውር ነው፤ ልጅን ማርከስ ይሆናል። ስለዚህ ሸጋው "ዘመድ ላማክር" ብሎ ሲመልሳቸው ማንም አልተቀየመውም። እንደገና ሲመጡ "መኸሩ ይግባ" አለ፤ እሱ ደግሞ የሚያጭደው አንድ ጥማድ መሬት እንኳ የለውም! ሌላ ጊዜ ሲመጡ አጎቱ በጠና ታሟል አላቸው፤ አጎቱ ከሞተ ቆይቷል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይሄ ነው። በመጨረሻ ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ከዘራውን መሬት ላይ ተክሎ፣ "ስማ ሸጋው፣ እሑድ እንመጣለን። እሺ ካልክ እሰየው፤ እምቢ ካልክ ግን ልጃችንን ሌላ ቦታ እንድረዋለን፤ እግራችንም ወዲህ አይመለስም" አለው።

ትርንጎ ይህን ሁሉ ጓሮ ሆና ሰማች። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፤ መረቡን አንስታ መጠገን ያዘች። ሸጋውን ደግሞ ከለቅሶ ይልቅ ይሄ አስፈራው።

ቅዳሜ ጠዋት ለሽማግሌዎቹ የሚሆን ትልቅ ዓሣ ሊይዝ ታንኳውን አወጣ። ያሰበው በደንብ አጥግቦ እምቢ ሊላቸው ነበር። "የጠገበ ሰው ብዙ አይቀየምም" እያለ ራሱን ያጽናናል። ትርንጎም እንደ ልማዷ ቀዘፈችለት።

ከቄጠማው ዳር አንዲት ትልቅ የቆሮሶ ዓሣ አዩ። ሸጋው ትል ጣለላት፤ ዞር አለች። ፌንጣ ጣለላት፤ ዞር አለች። ሊጥ ቢጥልላት ጭራሽ ጀርባዋን ሰጠችው።

"አንቺ ኩሩ! ምን ላቅርብልሽ? ዶሮ ወጥ ይሠራልሽ?" ብሎ ጮኸባት።

"አባዬ፣ ጉንጯን እያት እንጂ" አለች ትርንጎ። "ልጆቿን ይዛለች።"

ሸጋው አፈረ። ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ እንደምትፈለፍል፣ ልጆቿንም እዚያው እንደምታሳድግ፣ ያን ጊዜም ምግብ እንደማትቀምስ የሐይቁ ሰው ሁሉ ያውቃል። እሱ ግን ልቡ እሑድ ላይ ስለነበር ፊት ለፊቱ ያለውን አላየም። መንጠቆውን ሰበሰበና አጎንብሶ ይመለከታት ጀመር።

ጥቂት ቆይታ አፏን ከፈተች። ልጆቿ ከእፍኝ እንደሚፈስ ጤፍ ተበተኑ። ወዲያው የአንድ ወፍ ጥላ ውሃው ላይ ሲያልፍ እየተጋፉ ተመልሰው ገቡ፤ እሷም አፏን ገጠመች። ሸጋው በደስታ ጭኑን መታ።

"አየሽ! ወላጅ ማለት እንዲህ ነው! ክፉ ሲመጣ ጥርቅም አድርጎ መያዝ ነው!"

"እውነትህን ነው" አለች ትርንጎ። "ግን አባዬ፣ ጨርሶ የማትከፍት ገጥማህ ታውቃለች?"

"አዎ፣ መረብ የያዛት። አምና እንኳ አንዷ መረቤ ላይ ሞታ ጠበቀችኝ። ከድንጋጤዋ ብዛት አፏን እንደገጠመች ነበር። ስከፍተው ልጆቿም ውስጥ ሞተዋል።"

"እነሱንም መረቡ ይዟቸው ነው?"

"ኧረ እነሱንስ አይዝም! ለእነሱ ቀዳዳው ሰፊ ነው። እሷ ብትከፍትላቸው ኖሮ ሾልከው..."

ትርንጎ መቅዘፊያውን ይዛ ውሃውን ታያለች። ሸጋው ቀና ብሎ የልጁን ፊት አየና መክሳቷን ያኔ ገና አስተዋለ። ባዶ ቤት መግባት፣ ብቻውን መብላት፣ ሲያኮርፍ የሚያስቀው ማጣት፤ ይህ ሁሉ የያዘው እሱን ነው። እሷን ከእሱ በቀር የያዛት አልነበረም።

"የኔ ልጅ፣ ትወጂዋለሽ?" አላት።

"እወደዋለሁ አባዬ። አንተንም እወድሃለሁ።"

"እሱን መች አጣሁት" አለና ፊቱን ወደ ቄጠማው አዙሮ አለቀሰ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። "ቁርጡን ሳንሰማ አንቀመጥም" ብለው በር ላይ ቆሙ። ሸጋው በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ "ልጄን ሰጥቻችኋለሁ። በሉ ግቡ፣ ተቀመጡ። ትልቅ ዓሣ አልያዝኩም፤ ትንንሹን ትበላላችሁ" አላቸው። በሠርጉ ቀን ሙሽሮቹ በታንኳ ወደ ማዶ ሲሻገሩ ትርንጎ መለስ እያለች አየችው። አባቷ ከዳር ቆሞ በእጁ "ሂጂ፣ ሂጂ" ይላታል። እንባው ይወርዳል፤ እጁ ግን "ነይ" አላለም።

ወዳጄ ሆይ፣ ልጅን ከክፉ መጠበቅ ፍቅር ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን እኛን የያዘን ፍርሃት ሁሉ የወደድናቸውንም የያዘ ይመስለንና አጥብቀን እንገጥማለን። ለእኛ የጠበበው መረብ ለእነሱ ሰፊ መንገድ ሊሆን ይችላል። ያ ዓሣ አጥማጅ በጊዜ ከፈተ፤ ልጁም ከነፍቅሯ ወጣች።

አንተስ፣ አንቺስ፣ አፋችሁን ገጥማችሁ የያዛችሁት ማንን ነው?