ለቁርስ የተገለበጠው ድንበር

በዚያ ጫካ ሥርዓት ነበረ፤ አንበሳው ያገሳል፣ ሌላው ይስማማል። ዝንጀሮዎቹ ብቻ አሻፈረን ብለው ስንት ክረምት ሲዋጉት ኖሩ። በመጨረሻ ሁለቱም ወገን ደከመውና ሰላም ወረደ። ከአንበሳው ዋሻ በታች ያለው ተዳፋት፣ ምንጩን ጨምሮ እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ፣ የዝንጀሮዎች ራስ ገዝ እንዲሆን ተስማሙ።

የድንበር ኮሚሽኑ ሰብሳቢ አያ ጅቦ ነበር። ከምንጩ በላይ ድንጋይ አስደረደረና «ድንበሩ ድንጋዩ ያለበት ነው!» ብሎ አወጀ። ዝንጀሮዎቹ አጨበጨቡ። አንበሳውም አጨበጨበ፤ ይህ ሊያሳስባቸው ይገባ ነበር።

ዝንጀሮ ድንጋይ ካየ ይገለብጣል። ከሥሩ ጊንጥ አለ፣ ጉንዳን አለ፣ በአጭሩ ቁርስ አለ። ጠዋት ጠዋት ሕዝቡ ድንበሩን እየገለበጠ ይበላል፤ ድንጋዩም ቁልቁል ይንከባለላል። እንዲህ እየጠገቡ አገራቸውን ወደ ገደሉ ገፏት። አንድ ቀን ከሰዓት ግልገሎቻቸውን ውኃ ሊያጠጡ ቢወጡ፣ አንበሳው ምንጩ ላይ ተጋድሞ አገኙት።

«የይለፍ ፈቃድ?» አላቸው።

«ጌታችን፣ ምንጩ እኮ የኛ ነው!»

«ድንጋዩ የት ነው?»

ዞረው ቢያዩ ድንጋዩ ከኋላቸው ቀርቷል። እፍረታቸው ከጥማቸው ባሰ።

ጉባኤ ተጠራ። ጎረምሶቹ ጦርነት ይታወጅ አሉ። ሽማግሌዎቹ ድንጋይ መገልበጥ በሕግ ይከልከል ሲሉ ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። የልጅ ልጇ በውኃ ጥም የምታለቅስባት እማማ ደብሪቱ ግን በንዴት ተነሣች።

«አገር በልታችሁ ደግሞ ትስቃላችሁ? መገልበጡን ማን ተዉ አላችሁ? ሽቅብ ገልብጡ!»

በማግስቱ አንበሳው እንደ ልማዱ ዋሻው ውስጥ ሲያንኮራፋ፣ ዝንጀሮዎቹ እየተጋፉ፣ እየተንጫጩ ቁርሳቸውን ሽቅብ ጀመሩ። ምንጩን አለፉ። እዚያ መቆም ነበረባቸው፤ ግን የላይኛው ጊንጥ ይወፍራል። ረፋድ ላይ አንበሳው እያዛጋ ሲወጣ ድንጋዩ ከዋሻው ጀርባ ተደርድሮ አየ።

«ውል ፈረሰ!» ብሎ አገሳ።

«ኧረ ጌታዬ፣ ውሉ እንዳለ ነው» አለ አያ ጅቦ። «ድንበሩ ድንጋዩ ያለበት ነው፤ እርስዎም አጨብጭበዋል።»

አንበሳው ግራ ቀኙን አየ። ድፍን አገሩ ያስካካል።

«እማማ ደብሪቱ፣ እኔ እንግዲህ ምን ልሁን?» አለ በቀስታ።

«ራስ ገዝ ይሁኑ» አለች፣ ውኃው ካገጯ ላይ እየተንጠባጠበ።

አንበሳው ጎፈሩን አራገፈ። «እሺ። ግን የኔ ድንበር በድንጋይ አይሁን፤ ዝንጀሮ የማይነካው በአጥንት ይሁንልኝ።»

አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠና፣ በሰብሳቢነቱ ለመቀጠል ፈቃደኛ መሆኑን አስታወቀ።