ከመስኮቱ ውጭ የቆመው ጠያቂ

አንድ ሰው ነበረ። በሰፈሩ ታሞ የተኛ ካለ እሱ ሳይጠይቅ የማያድር ሰው።

ጋሼ እንዳላማው፣ ትናንት ቤት ሙሉ ሰው በተቀመጠበት የጠየቁኝን አልረሳሁትም። «እናትሽ ሆስፒታል ተኝታ፣ በሩ ድረስ ሄደሽ ሳትገቢ የተመለስሽው ምን ዓይነት ልጅ ብትሆኚ ነው?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ዛሬ ግን እመልስልዎታለሁ፤ የምመልስልዎትም በዚህ ሰውዬ ነው። «ትርንጎ ትምህርት ቤት እጅ ማውጣት ለመደች አሉ፣ አሁን ደግሞ እኛን ልታስተምር መጣች» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ይበሉኝ። ስጨርስ ይቆጡኝ፤ እስከዚያ ግን ይስሙኝ።

ሰውዬው ሀብታም ነበረ፣ የሚታወቀው ግን በሀብቱ አልነበረም። በጥየቃው ነው። ሌላው ሰው ሲሄድ ብርቱካን በፌስታል ይዞ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ፣ «እግዜር ይማርህ» ብሎ ይወጣል። እሱ እንደዚያ አይደለም። የሄደው ለአንድ ሰው ቢሆንም ክፍሉ ውስጥ ያለውን በሽተኛ ሁሉ ሳይስም አይወጣም። «ጠያቂ የሌለው ይኖራል። እያየኝ እንዴት ዝም ብዬ አልፈዋለሁ?» ይላል። እውነቱን ነው። ክፉ ሰው አልነበረም ጋሼ፤ ይሄን አደራ ልብ ይበሉልኝ።

ክረምት ገባና ሰውዬውን ጉንፋን ያዘው። ዓይኑ ቀላ፣ ድምፁ ጎረነነ፣ ሲስል የቤቱ ሰው ሁሉ ይነቃል። በዚያው ሰሞን አንድ ጎረቤቱ የሆነ ገበሬ የጎተራ ክዳን ሲያድስ ወድቆ እግሩ ተሰበረና ከተማ ሆስፒታል ተኛ።

ሰውዬው ሊሄድ ሲነሳ ሚስቱ «ዛሬ እንኳ ቅር። አንተ ራስህ ታመህ የለም ወይ?» አለችው።

«እኔ? ምን ሆንኩና! ጉንፋን ደግሞ በሽታ ሆኖ ነው? ዳማከሴ ጨምቄ ጠጥቻለሁ። ደግሞስ እኔ ብቀር ሰው ምን ይላል?»

ሄደ። አጥሚቱን በፔርሙስ፣ ፍትፍቱን በሳህን አስይዞ ሄደ።

ገበሬው የተኛበት ክፍል ጠባብ ነው፣ አልጋና አልጋው ሊነካካ ምንም አልቀረው። በሩ ጋ ገበሬው ተኝቷል፣ ሚስቱም ታስታምመዋለች። ከእሱ ቀጥሎ እጁ በጀሶ የታሰረ ሹፌር አለ። ከሹፌሩ ቀጥሎ ልብስ ሰፊ። መጨረሻ ላይ፣ መስኮቱ ሥር፣ ደረቱን የሚያመው ሽማግሌ። ሽማግሌው ተሽሎት ሊወጣ ነበር። ልጆቹ ይመጣሉ ብሎ ጢሙን ተላጭቶ፣ ጋቢውን አጥፎ፣ አልጋው ላይ ተቀምጦ ነው የሚጠብቀው።

ሰውዬው ገባ። ገበሬውን ግራና ቀኝ ሳመው፣ አልበቃውም ደገመው። አጥሚቱን ቀዳና እንደ ወጉ መጀመሪያ ራሱ ቀመሰ፤ ከዚያ በቀመሰበት ኩባያ አጠጣው። ወደ ሹፌሩ ዞረ። እጁ ታስሮ ሲያይ ከፍትፍቱ ጠቅልሎ «በሞቴ!» ብሎ አጎረሰው። ጉርሻው ትልቅ ነበር።

«ኧረ ጋሼ ቀስ!» አለ ሹፌሩ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «ጉሮሮዬ እኮ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው!»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ሰውዬውም ሳቀ። ሲስቅ ሳል ያዘው፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ሳለ፣ ሳለ፣ በዚያው እጁ ልብስ ሰፊውን ጨበጠውና ሳመው።

ሽማግሌው ጋ ሲደርስ መስኮቱ ተከፍቶ አየ። የከፈተችው ነርሷ ናት። እሷ ትከፍታለች፣ ጠያቂ ይዘጋል፤ ጠያቂ ሲወጣ መጥታ ትከፍታለች፣ የሚቀጥለው ጠያቂ ይዘጋል። እዚያ ክፍል ቀኑ የሚመሸው እንደዚህ ነው።

«ምን ጉድ ነው! በሽተኛ በንፋስ ሊያስመቱ ነው እንዴ?» አለና ሰውዬው መስኮቱን ድርግም አድርጎ ዘጋው። ከዚያ ሽማግሌውን አቅፎ ሳመ። «አባቴ፣ እንኳን እግዜር ማረዎት!»

ሽማግሌው መረቀው። ረጅም ምርቃት ነበር፤ ሰውዬውም ጎንበስ ብሎ፣ ፊቱን ለፊቱ አስጠግቶ፣ «አሜን፣ አሜን» እያለ ተቀበለው።

ከዚያ ምን ሆነ መሰለዎት? መጀመሪያ ገበሬው ማሳል ጀመረ። ከዚያ ሹፌሩ። ከዚያ ልብስ ሰፊው። ሳሉ ሰውዬው ሰላም እያለ በሄደበት መንገድ ሄደ። የባዮሎጂ መምህራችን ቢሰሙኝ «ቫይረስ እንዲህ ሰልፍ ይዞ አይሄድም፤ በትንፋሽም በእጅም በታፈነ አየርም ያገኘውን ሁሉ ነው የሚይዘው» ይሉኛል። ልክ ናቸው። እኔ በተራ ያስኬድኩት እንዲታይዎት ብዬ ነው። ብቻ መጨረሻ ላይ ሽማግሌውን ያዘው። ሌሎቹ እግርና እጃቸው እንጂ ደረታቸው ደህና ነበር፣ ትኩሳቱን ታግለው ተነሱ። ሽማግሌው የሚታገልበት ደረት አልነበረውም። ልጆቹ ሊወስዱት መጡ። ወሰዱትም፤ ግን ተሸክመው ነው።

ሰውዬው ቀብሩ ላይ ተገኘ። ከልጆቹ ቀጥሎ አምርሮ ያለቀሰው እሱ ነው። ያየው ሁሉ «እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል? ዘመዱ እንኳ ሳይሆን!» አለ። እሱም እውነት መሰለው። ደግሞም በአንድ በኩል እውነት ነበር፣ እንባው የውሸት አልነበረም። ግን ሽማግሌውን ምን እንደገደለው አላወቀም።

የገበሬው ሚስት ግን ስታይ ነበር። ባሏ አልጋ ሥር ሰሌን አንጥፋ የከረመች ሴት ናት። ሽማግሌው አየር አጥሮት ሲያቃትት ራሱን ቀና አድርጋ የያዘችው እሷ ናት። ማንም ምንም ሳይነግራት አንድ ነገር ገባት፣ ከገባትም በኋላ ፈራች። ምክንያቱም ባዶው አልጋ ባዶ ሆኖ አልቆየም። ሳንባውን የታመመ አንድ ጎረምሳ አምጥተው አስተኙበት፣ ኦክስጅን አፍንጫው ላይ ተደርጎለት፣ እናቱ አጠገቡ ቁጭ ብላ።

ሰውዬውም ተመልሶ መጣ። ያ ሳል አለቀቀውም። ዛሬ ደግሞ ብቻውን አይደለም፣ የሰፈሩን ሰው አስከትሏል።

በሩ ጋ ሲደርሱ ሴትየዋ ብድግ አለች። ሁለት እጇን መቃኑ ላይ ዘርግታ በሩን ዘግታ ቆመች።

«አይገቡም» አለችው።

«ምን አልሽ?»

«አይገቡም አልኩ።»

ወይ ጩኸት! «ጠያቂ ይባረራል እንዴ?» «አንቺ፣ ይሄ ሰው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» «አሳዳጊ የበደላት!» ባሏ እንኳ ከአልጋው ሆኖ «አንቺ ሴትዮ፣ አታዋርጂኝ! አሳልፊያቸው!» አላት። እጇን ግን አላወረደችም።

«አባቴ» አለችው ሰውዬውን፣ «እርስዎ ደግ ሰው ነዎት። አውቀው እንዳላደረጉትም አውቃለሁ። ግን ያን ቀን የሳሙት ሰው ሁሉ ሳለ። ከዚህ ጀመሩ» ብላ ባሏን አሳየችው፤ «እዚያ ጨረሱ» ብላ መስኮቱ ሥር ያለውን አልጋ አሳየችው። «አሁን እዚያ የተኛው ደግሞ የዚያች ሴት ልጅ ነው። ይዩዋት።»

በትከሻዋ ላይ አሻግሮ አየ። የጎረምሳው እናት ከተቀመጠችበት ተነስታ ልጇን በገዛ ሰውነቷ ከልላ ቆማለች። አልተሳደበችም፣ አልጮኸችም። እሱን እሱን ነው የምታየው፣ የገባ ጅብ እንደምታይ። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ ታማሚ ቤት ሲገባ የሚያውቀው ፈገግታ ነው። እሱን የፈራ ሰው አይቶ አያውቅም።

መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት ሳሉ ቀደመው።

ፊቱን ወደ ኮሪደሩ አዙሮ፣ ጋቢውን አፉ ላይ ጨምቆ፣ እስኪበቃው ሳለ። ከዚያ ፔርሙሱን ደፉ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

«ይኸው ተቀየመ! ደስ አለሽ?» አሏት።

አልተቀየመም ጋሼ። ሕንጻውን በጀርባ በኩል ዞረ። ዝናብ ያካፋል፣ ጓሮው ጭቃ ነው፣ የክት ጫማውን ነበር ያደረገው። ከመስኮቱ ራቅ ብሎ ቆመና «ይሄን መስኮት ክፈቱልኝ!» ብሎ ጮኸ። ነርሷ ጆሮዋን አላመነችም። ሮጣ ከፈተችው፣ ሁለቱንም በኩል።

«አንተ ገበሬ! እግርህ እንዴት አደረ?»

«ተመስገን፣ ተመስገን! ሚስቴን ይቅር በልልኝ!»

«እሷን ተዋት! እሷ ካንተ ትሻላለች!»

«ጋሼ!» አለ ሹፌሩ ካለበት ሆኖ፣ «ዛሬ እንኳ ከጉርሻዎ ዳንኩ!»

ክፍሉ እንደዚያ ቀን ሳቀ። ልብስ ሰፊውንም ጠየቀው። ከዚያ ሰውዬው ጎረምሳውን ጠራው። «ልጄ፣ ስምህን አላውቀውም። ሳልስመው የጠየቅሁት ሰው አንተ የመጀመሪያዬ ነህ። አክብሬህ ነው ያልገባሁት» አለው። ጎረምሳው መናገር አይችልም ነበር፤ እጁን ብድግ አደረገለት። እናቱ ያኔ ነው ቁጭ ያለችው።

ልጁ ዳነ። ሰውዬውም ካረጀ በኋላ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ የሚኮራበት ወሬ ይሄ ሆነ። ስንቱን ጠይቆ፣ ስንቱን ቀብሮ፣ እሱን አያወራም። ደረቱን ነፍቶ «እኔ እኮ በሽተኛ በር ላይ ደርሼ የተመለስኩ ሰው ነኝ!» ይላል። የማያውቀው ይገረማል። የሚያውቀው ግን ከመቀመጫው ይነሳለታል።

እንግዲህ ጋሼ፣ ምን ዓይነት ልጅ ነሽ ብለው ጠይቀውኝ የለ? ሆስፒታሉ ጋ ስደርስ እኔም እያሳለኝ ነበር። እማዬ ኦክስጅን ላይ ናት። በበሩ መስታወት ጀርባዋን አየሁት፣ ሲወጣና ሲወርድ። እጄን መያዣው ላይ አድርጌ ነበር። ብገባ አቅፋታለሁ፣ ብመለስ ምናልባት ዳግመኛ አላያትም ብዬ ፈራሁ። አሁንም እፈራለሁ። ግን አልገባሁም። እንደዚያ ሰውዬ ዓይነት ልጅ ነኝ ጋሼ። ክፍል ውስጥ መልሼ ተጨብጭቦልኛል፣ ደረጃ አውጥቼ ተሸልሜያለሁ፤ ከዚያ በር ላይ እያለቀስኩ ስመለስ የኮራሁትን ያህል ግን ኮርቼ አላውቅም።

እርስዎ ደግሞ ነገ ሚኒባስ ሙሉ እድርተኛ ይዘው ሊጠይቋት ነው። አንዲት እህትዎ ናት፣ እንደሚወዷት አውቃለሁ። ግን ከትናንት ጀምሮ ሲስሉ ነው ያደሩት። በዚያ ሰውዬ ታሪክ ውስጥ እርስዎ አሁን ያሉት በሩ ጋ ነው፣ ገና ሳይገባ። በሩን የያዘችው ሴት ደግሞ እኔ ነኝ። ነገ ከሆስፒታሉ ግቢ በር ላይ እጄን ዘርግቼ ያገኙኛል። ትንሽ ነኝ፣ ቢገፉኝ እወድቃለሁ። ሰውም ይሰድበኛል። እማዬም ራሷ አንድ ቀን «ወንድሜን ለምን ከለከልሽብኝ? አንቺስ ለምን ቀረሽብኝ?» ብላ ትቆጣኝ ይሆናል።

ትቆጣኝ። ብቻ ድና ትቆጣኝ።