አውራሪስ መጠየቂያ

ከሽመል ውሃ ወደ አባሎ ሜዳ የሚወስደው መንገድ የወይሎን ወንዝ የሚያቋርጥበት ቦታ «አውራሪስ መጠየቂያ» ይባላል። ወይሎ በበጋ ከጉልበት አያልፍም፤ ስፋቱም ቢሆን አንድ ጎልማሳ ከወዲህ ሆኖ ድንጋይ ቢወረውር ከወዲያኛው ዳር ያለውን ግራር ይመታል። በየዓመቱ ሚያዝያ በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ የሽመል ውሃ አዳኞች በምሥራቁ ዳር፣ የአባሎ ሜዳ አዳኞች በምዕራቡ ዳር ትይዩ ይቆማሉ። የሽመል ውሃው አለቃ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አውራሪስ ከናንተ ዘንድ አለ?» ይላል። «ከኛ የለም። ከናንተስ?» ይላል የአባሎ ሜዳው። «ከኛም የለም።» ይህ ሳይባል ማንም እግሩን ውሃ ውስጥ አያስገባም፤ ከተባለ በኋላ ግን ሁሉም ገብቶ፣ መሐል ወንዙ ላይ ተጨባብጦ፣ በዓመቱ ውስጥ ስላየው አውሬ ሁሉ ይነጋገራል።

መንገድ የጣለው ነጋዴ ይህን ሲሰማ ይስቃል። ቢስቅም አይፈረድበትም፤ በዚያ ቆላ አውራሪስ ካለቀ የስንት ሰው ዕድሜ አልፏል፣ ለሌለ ነገር ተሰልፎ መቆም ለእንግዳ ዕብደት ይመስላል። የአገሩ ሽማግሌዎች ግን ነገሩን የሚናገሩት አንገታቸውን ደፍተው ነው፤ ጥፋቱ የገዛ አያቶቻቸው ነው፣ የሌላ የማንም አይደለም።

እንደሚነገረው ጥንት ወይሎ ድንበር አልነበረም። የሁለቱ ዳር አዳኞች በአንድ ይወጣሉ፣ በአንድ ይሰፍራሉ፣ የገደሉትንም በአንድ ይካፈላሉ። ከሁሉ የገነኑት ሁለት ነበሩ፤ ከሽመል ውሃ ጓንጉል፣ ከአባሎ ሜዳ ደባልቄ። ጓንጉል ዱካ አንባቢ ነው፤ የተረገጠውን ሣር አይቶ አውሬው በጧት ይለፍ በማታ፣ ይራብ ይጥገብ ይናገራል ይሉታል። ደባልቄ ደግሞ በክንዱ የታወቀ ነው፤ የወረወረው ጦር መሬት አይወድቅም። ጓንጉል ይህንኑ ክንድ ወዶ እኅቱን ይመኙሻልን ዳረለት፤ እንግዲህ በጓደኝነት ላይ አማችነት ተጨመረ ማለት ነው።

በዚያ አገር የአደን ሕግ ገዳይ የሚባለው አውሬውን የጣለው ሳይሆን መጀመሪያ ያደማው ነው። ጭራው የእርሱ ነው፣ የራስ ቅቤው የእርሱ ነው፣ በግብር ላይ የላይኛው መቀመጫ የእርሱ ነው። አንድ ቀን ጓንጉልና ደባልቄ በረጅም ሣር ውስጥ አንድ አውራሪስ ከግራና ከቀኝ ከበው ጦራቸውን እኩል ወረወሩ። አውሬው ሲወድቅ ሁለት ቁስል ተገኘበት። «ያስቀደምኩ እኔ ነኝ» አለ አንዱ፤ «እኔ ነኝ» አለ ሌላው። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ሽማግሌውም እንደ ወንዙ ዳር ለሁለት ተከፈለ፤ በመጨረሻ ማንም አድርጎት የማያውቀውን አደረጉና ጭራውን ከሁለት ቆርጠው አካፈሏቸው። ግማሽ ጭራ ይዞ የሚፎክር ገዳይ የት ይገኛል? ሁለቱም ቁራጩን ወንዝ ውስጥ ጣሉት፤ ጓንጉል «ወይሎን ተሻግሬ የደባልቄን አገር ብረግጥ» ብሎ ማለ፤ ደባልቄም ያንኑ በጓንጉል ላይ ማለ። አለቆቹ ሲምሉ ተከታዮቻቸው አብረው ማሉ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮም የአንዱ ዳር አዳኝ በሌላው ዳር አልታየም።

ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። አውራሪስ ውሃ ሊጠጣ ወደ ወይሎ ይወርዳል። የወይሎ ዳር ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ደግሞ ዱካ አይዝም። ቀድሞ ዱካው ድንጋዩ ላይ ሲጠፋባቸው ተሻግረው ወዲያኛውን ዳር ያዩ ነበር፤ ከሌለም ተመልሰው ወዲህኛውን ላይና ታች ይፈልጉ ነበር። ከመሐላው በኋላ ግን ወደ ውሃ የወረደ ዱካ ሁሉ «ተሻገረ» ተባለ። አውሬው ውሃውን ጠጥቶ፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጠ ሄዶ፣ በዚያው በመጣበት ዳር ወደ ጫካው ይመለስ ይሆናል። ይህን ጓንጉል ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም፤ ቂም የያዘ ሰው ግን ማመን የሚፈልገውን ያምናል። አውራሪሱ በየዓመቱ እያነሰ ሲሄድ የሽመል ውሃ ሰዎች «ከነዚያ ዘንድ ሞልቷል» አሉ፤ የአባሎ ሜዳ ሰዎችም «ከነዚያ ዘንድ ሞልቷል» አሉ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው፣ ሁለቱም በማያዩት አውሬ ተጽናኑ። ይባስ ብለውም «ተሻግሮ ለነሱ ሲሳይ ከሚሆን እኛው እንጣለው» እያሉ ድሮ የሚምሯትን እናት አውራሪስ እንኳ ይገድሉ ጀመር።

መሐላው የአዳኞች እንጂ የሴቶች አልነበረምና በሁለቱ ዳር የምትመላለሰው ይመኙሻል ነበረች። ለእናቷ ተዝካር ትሻገራለች፣ ወደ ባሏ ቤት ትመለሳለች። በወንድሟ ቤት «ከደባልቄ ዘንድ ሞልቷል» ሲባል ሰማች፤ በባሏ ቤት «ከጓንጉል ዘንድ ሞልቷል» ሲባል ሰማች። ነገሩን ስታገናኘው አውራሪስ በሁለቱም ዳር እያለቀ መሆኑ ገባት። መጀመሪያ ለባሏ ነገረችው። ደባልቄ ሳቀና «ይህን ያስጠናሽ ወንድምሽ ነው፤ አደናችንን ሊያስተወን» አላት።

በስድስተኛው ዓመት መጋቢት ላይ ደባልቄ አንድ ትልቅ ወንድ አውራሪስ ጣለ። ለግብሩም ቀን ተቆረጠ። ይመኙሻል በማግስቱ ሥራውን ሁሉ ትታ ወደ ወንድሟ ገሰገሰች፤ ጓንጉልንም ደጁ ላይ ጦሩን ሲስል አገኘችው። ከመንደሩ በላይ ባለው ቁጥቋጦ የምትተኛ አንዲት ሴት አውራሪስ ዱካዋን ካገኘ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር።

«ወንድምዓለም፣ ይህችን ተዋት» አለችው።

«ለምን?»

«ደባልቄ ትናንት የጣለው የመጨረሻው ነው። ሌላ ዱካም ፋንድያም ካዩ ከርመዋል። የቀረው ሁሉ ካንተ ዘንድ ነው ይላሉ።»

«እኔ ዘንድ ያለችው ይህችው አንዲት ናት፤ የቀረው እነሱ ዘንድ ነው።»

«እኮ! አንተም እነሱ ዘንድ ትላለህ፣ እነሱም አንተ ዘንድ ይላሉ። እኔ በመሐላችሁ ስመላለስ እግሬ ነቃ፤ አንድም አላየሁም።»

ጓንጉል ጦሩን አስቀመጠ። ሽማግሌዎቹ እዚህ ላይ ሲደርሱ ትንሽ ያርፋሉ፣ ነገሩ ያኔ ሊድን ይችል ነበርና። ከዚያ ግን «ባልሽ ግብር ሊያበላ ነው አይደል?» አላት።

«አዎ፣ የፊታችን እሑድ።»

«እሱ ቅቤ ተቀብቶ ሲፎክር እኔ እጄን አጣጥፌ እንድሰማው ነው የላከሽ። ሂጂ እታለም፤ አንቺን አልቀየምም።»

በማግስቱ አውራሪሷን ገደላት። ሥጋዋ ሲከፈል ለመወለድ የደረሰ ግልገል በሆዷ ተገኘ፤ የጆሮው ጫፍ ሳይቀር ጸጉር አብቅሎ ነበር አሉ። አብረውት የነበሩት ሰዎች ቢላዋቸውን እንደያዙ ቆሙ። ጓንጉል «ሸፍኑት» ብቻ አለ። ግብሩን ግን አልተወም፤ የደባልቄ ግብር በሚበላበት በዚያው እሑድ እንዲሆን አዘዘ።

እሑድ በሁለቱም ዳር ከበሮ ተመታ፣ እልልታ ቀለጠ። ከወዲህ ጓንጉል፣ ከወዲያ ደባልቄ፣ ራሳቸው ላይ ቅቤ ተቆልሎ፣ አንዱ ሌላውን ለማሰማት ወደ ወንዙ እየዞሩ ይፎክሩ ነበር። ይመኙሻል በባሏ ቤት እንግዳ እንድታስተናግድ፣ በወንድሟ ቤት እልል እንድትል ትጠበቅ ነበር፤ ከሁለቱም ቤት ጠፋች። ወይሎ መሐል ካለ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ጸጉሯን ፈትታ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ሙሾ አወጣች።

«ወዲህም ፉከራ፣ ወዲያም ፉከራ፣
እኔ ማንን ላልቅስ፣ ከማንስ ጋራ።»

በዚያ አገር ለቅሶ የሰማ ሰው፣ ባለደም እንኳ ቢሆን፣ አይቀርም። ከበሮው ቆመ፤ ከሁለቱም ዳር ሰው እየሮጠ ወረደ፤ ሁለቱ አማቾችም ከስድስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ተያዩ።

«ማን ሞተ?» አለ ደባልቄ፣ ደንግጦ።

«አውራሪስ» አለች።

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እርሷ ግን ወደ ባሏ ዞራ «አንቱ ወንዱን ጣሉ። ወንድሜ ሴቷን ከነልጇ ጣለ። ለየራሳችሁ ብነግራችሁ የጠላት መልእክተኛ አደረጋችሁኝ። ይኸው ተገናኝታችኋል፤ እንግዲህ እኔ ፊት ተጠያየቁ» አለች።

ቀድሞ የተናገረው ጓንጉል ነው ይባላል። «ከናንተ ዘንድ የለም?»

«ከኛ?» አለ ደባልቄ። «እኔ ከጣልኩት ሌላ ካየን ቆየ። የሞላው ከናንተ ነው እንጂ።»

«ከኛ የለም።»

«በል ተው።»

«የአባቴ አጥንት ይውጋኝ፣ የለም።»

ደባልቄ ሁለተኛ አልጠየቀም። ፀሐዩ በርትቶ ስለነበር የሁለቱም ቅቤ ቀልጦ በግንባራቸው ይወርድ ጀመር፤ ማንኛው ቅቤ ማንኛው እንባ እንደሆነ የለየ ሰው አልነበረም አሉ።

በማግስቱ የሁለቱ ዳር አዳኞች እንደ ድሮው በአንድ ወጡ፤ የወጡት ግን ሊገድሉ ሳይሆን አንዲት ነፍስ ያላት አውራሪስ ፍለጋ ነው። ሠላሳ ቀን ሙሉ ላይና ታቹን አሰሱ ይባላል። ጓንጉል ከሁሉ ፊት በጉልበቱ እየዳኸ ሣር ይገልጥ ነበር። ያገኙት ምስጥ የበላው ያረጀ ፋንድያና ራሳቸው የጣሏቸውን አውሬዎች አጥንት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

እኔን የሚያናድደኝ የወንዙ ነገር ነው። ባሕር ቢሆን፣ ገደል ቢሆን፣ ይሁን ይባላል። ድንጋይ የሚወረወርበት ወንዝ ነው! በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን፣ አንዱ ዳር ላይ ቆሞ «እናንተ ሰዎች፣ ከናንተ አለ ወይ?» ብሎ ቢጮኽ፣ መሐላም ሳይፈርስ እግርም ሳይረጥብ መልሱን ይሰማ ነበር። የተማለው መሻገርን እንጂ መጠየቅን ማን ከለከለ? አልጠየቁም። እነሱ ኩራት ይሉታል፤ እኔ ሌላ ስም አለኝ፣ ግን ሟች አይሰደብም።

በሠላሳኛው ቀን እዚያው መሻገሪያ ላይ ሕግ አወጡ። በየዓመቱ ተጠያይቀው በሁለቱም ዳር መኖሩ ያልተነገረ አውሬ በየትኛውም ዳር አይገደልም፤ እናትና ልጅ አይነካም፤ አውሬው የሚጠለልበት የሽመሉ ጫካም ሁለቱም ወገን ሳይስማማ አይቃጠልም። ሕጉን ማጽናቱ ቀላል አልነበረም። በሁለተኛው ዓመት የደባልቄ የገዛ ወንድም ያልተነገረ አጋዘን ገደለና «አንድ ቢጎድል ምን አለበት» አለ። ደባልቄ ጦሩን ተቀብሎ ግራር ላይ ሰቀለው፤ ወንድሙም ሦስት ዓመት ባዶ እጁን ሄደ፣ ሦስት ዓመትም ከአዳኞች ማዕድ አልቀረበም። ዛሬ በዚያ ቆላ አጋዘንና ቆርኪ ሰው ሳይሸሽ የሚግጠው፣ ሽመሉም ጥቅጥቅ ብሎ የቆመው በዚህ ሕግ ነው ይባላል። ለአውራሪስ ግን አልደረሰላትም።

ጓንጉል ከዚያ በኋላ ራሱን ቅቤ አላስነካም። ዋንጫ ሊያሠራው የነበረውን የሴቷን ቀንድ ከግልገሏ ጋር ቀበረው፤ የት እንደቀበረውም ለማንም አልተናገረም። በየዓመቱ ሚያዝያ ግን መሻገሪያው ላይ እየቆመ ይጠይቅ ነበር፤ ካረጀ በኋላም በቃሬዛ እየወረደ ይጠይቅ ነበር። በመጨረሻው ዓመት ይመኙሻል አዝና «አንድ ጊዜ እንኳ አለ ይበሉት፣ ደስ ብሎት ይሙት» ብላ ባሏን ለመነችው። ደባልቄ ብዙ አሰበ። «ያኔ እውነቱን ባለመነጋገራችን ነው ያለቁት፤ ዛሬ እዚህ ውሃ ላይ አልዋሸውም» አላትና ወርዶ፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከኛ የለም» አለ። ጓንጉል በዚያ ክረምት ሞተ።

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ እኔም እዚያ ነበርኩ። የሽመል ውሃው ጠያቂ አያ ሽባባው የሚባሉ ጢማቸው የሸበተ አዳኝ ነበሩ። ከቅዳሜው በፊት የሁለቱም ዳር አዳኞች ሦስት ቀን ሙሉ በርግጥ ጫካ ለጫካ ሲፈልጉ እንደሚሰነብቱ ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ሳይፈልጉ «የለም» ማለት በነሱ ዘንድ ነውር ነው። አያ ሽባባው ጥያቄውን ጠይቀው፣ መልሱን ሰምተው፣ ዳር ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ሲታጠቡ ቀረብኩና አነጋገርኳቸው።

«አያ፣ አውራሪስ አይተው ያውቃሉ?»

«የት አይቼ! አባቴም አላየ።»

«ታዲያ ዱካውን ቢያገኙት በምን ያውቁታል?»

እግራቸውን ከውሃው አውጥተው በጋቢያቸው ጫፍ አደረቁ። «የዚህን ጫካ ዱካ ሁሉ አውቀዋለሁ» አሉ። «የማላውቀው ዱካ ያገኘሁ ቀን፣ እሱ ነው እላለሁ።» ቀና ብለው ሽመሉን አየት አደረጉት። «እስካሁን ግን ያገኘሁት ሁሉ የማውቀውን ነው።»