ለቆንጆዎች የተባለው ውሃ

ፊታውራሪ ወንድይራድ በመልካቸው የሚኮሩ ሰው ነበሩ። አንድ ጠዋት በበቅሎ ወንዝ ሲሻገሩ፣ ፊቷን ፈንጣጣ ያበላሸባት ሴት ተጣጥባ ቅባት ስትቀባ አዩ።

«አንቺ! ይህ ፊት ዕድሜ ልክሽን ብታጥቢው አያምርም፤ ምን ያደክምሻል? ወይ ምክንያትሽን ተናገሪ፣ ወይ ከዛሬ ጀምሮ ውሃውን ለቆንጆዎች ልቀቂ!» አሏት። አሽከሮቻቸው አሽካኩ።

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሳች። «ጌታዬ፣ የተቀመጡባትን በቅሎ ዘወትር የሚያሳጥቧት ፈረስ ትሆናለች ብለው ነው?»

«ምን ነካሽ! ደህና አድርጋ እንድትሸከመኝ ነው እንጂ!»

«ታዲያ እኔንስ ከዚህ ገላ ሌላ ማን ይሸከመኛል?»

ፊታውራሪው ሊቆጡ ሲሉ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ «ታጠቢ እቴ፣ ታጠቢ!» ብለው አለፉ።