የተሰበሩ ብልቃጦች ዝርዝር

በአንድ የአፈር ምርምር ተቋም ውስጥ ብልቃጥ ሲያጥቡ ሃያ ዓመት የኖሩ፣ ምላሳቸው የሚያስፈራ አንዲት ሴትዮ ነበሩ። ይርዳው የሚባል ተማሪ የምርምሩ ውጤት በተበላሸበት ቁጥር እሳቸው ዘንድ ይሄዳል። እሳቸውም «አፈሩ ሳይደርቅ መዝነኸው ነው፤ ድገመው» ይሉታል። ሲደግመው ይስተካከላል። አማካሪው ፕሮፌሰር ገላውዴዎስ ግን የሚያቀርብላቸውን ጽሑፍ ሳይገልጡ፣ ሽፋኑ ላይ «ጥሩ ጥናት ነው፤ በዚሁ ቀጥል» ብለው ፈርመው ይመልሱለታል። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ።

የመመረቂያ ጽሑፉ ሲያልቅ ይርዳው በምስጋናው ገጽ ላይ የሴትዮዋን ስም ከፕሮፌሰሩ ስም አስቀደመ። ፕሮፌሰሩ ያችን ገጽ ብቻ አነበቧት።

ሴትዮዋን መምህራን በተሰበሰቡበት አስጠሩና «ተማሪ እንድታማክሪ የፈቀደልሽ ማነው? የተፈረመ ወረቀት ካለሽ አሳዪን። ከሌለሽ ስምሽ ካልተሰረዘ ልጁ አይመረቅም» አሉ።

ሴትዮዋ እጃቸውን በሽርጣቸው አደራርቀው ከኪሳቸው አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«የፈቀዱልኝማ እርስዎ ነዎት። አምና ምትክ ይገዛልን ብዬ የተሰበሩ ብልቃጦችን ዝርዝር ጠረጴዛዎ ላይ ትቼልዎ ነበር። ይኸው፣ ‹ጥሩ ጥናት ነው፤ በዚሁ ቀጥል› ብለው ፈርመው መለሱልኝ። ብልቃጥ መስበሩን ብቀጥልበት ተቋሙ ባዶውን ይቀራል ብዬ፣ ልጁን ማስተማሩን ቀጠልኩበት።»