የአቶ ቢተው ንብረት

ምላሱ የማያርፍ አንድ ሽማግሌ አዝማሪ ከየሙዚቃ ቤቱ ሲጣላ ኖሮ፣ በስተርጅናው አቶ ቢተው የሚባሉ የሙዚቃ ቤት ባለቤት እጅ ወደቀ። እሳቸውም «ከአፍህ የሚወጣው ሁሉ የእኔ ንብረት ነው» ብለው ውል አስፈረሙት።

አንድ ቀን አቶ ቢተው ሰርግ ቤት ዘግየት ብለው ሲገቡ፣ አዝማሪው እንደ አዝማሪ ወግ ማሲንቆውን እየገዘገዘ ተቀበላቸው፦

«ቦርጫቸው ደረሰ፣ ጮማ አማረውና፤
እሳቸው ደጅ ናቸው፣ አልደረሱም ገና።»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። አቶ ቢተው ደማቸው ፈላ።

«አንተ ባለጌ! ያልከውን አሁኑኑ መልሰህ ዋጠው! አለዚያ እከስሃለሁ!»

አዝማሪው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«ኧረ ጌታዬ! ከአፌ የወጣው ሁሉ የእርስዎ አይደለም እንዴ? የሰው ንብረት ውጬ በዚህ ዕድሜዬ ሌባ ልባል? ባለቤቱ እርስዎ ይዋጡት፤ ቦታውም እንደሆነ አለዎት።»