የቆቅ አምባው ፊተኛ

ሌላው አገር ለፌዝ የሚላት አንዲት አባባል አለች፤ የቆቅ አምባ መንገድ መሪዎች ግን የሚሏት ዘግይቶ ለመጣ ሰው መቀመጫ ሲለቁ ነው። ነገሩ የመጣው አቶ ልሳነወርቅ ያንን ተራራ ከወጡበት ቅዳሜ ወዲህ ነው ይባላል።

አቶ ልሳነወርቅ ጡረታ የወጡ የካርታ ባለሙያ ነበሩ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ቤታቸው ጭር ብሏል። ልጃቸው ማስተዋል ከሐዋሳ በደወለች ቁጥር፣ "አባዬ፣ ዛሬ ከማን ጋር ዋልክ?" ትላቸዋለች። "ከሰው ጋር" ይሏታል፤ ውሸታቸውን ነው። አንድ ቀን፣ "እንግዲያው ከሰዎቹ ጋር የተነሳኸውን ፎቶ ላክልኝ" አለቻቸው። ከማያውቋቸው ተጓዦች ጋር በማለዳ ሚኒባስ የተሳፈሩት ለዚያ ፎቶ ሲሉ ነው።

ግርጌው ላይ መንገድ መሪው አያ ይፍሩ ዱላቸውን ተደግፈው ደንቡን ተናገሩ።

"እዚህ አገር መሪ ከኋላ ነው የሚሄድ፤ የደከመውን ማየት አለብኝ። ፊት ያለው ድምፄን እስከሰማ ይሂድ፤ ካልሰማ ይቁም። አምባ የምንለው ደግሞ የመጨረሻው ሰው የደረሰበትን ነው፤ ዳቦው እዚያ ይቆረሳል።"

ሰዉ ሳቀና ጥንድ ጥንድ እየሆነ መውጣት ጀመረ። ባልና ሚስት አለ፣ እህትማማች አለ፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኛ አለ። አቶ ልሳነወርቅ አንዱን ጥንድ ሲጠጉ ጨዋታው ይቋረጣል፤ ሌላውን ሲጠጉ መንገዱ ለሦስት ይጠባል። ትንሽ ቀደም ሲሉ ግን አንድ ነገር ልብ አሉ፤ ከኋላ ለብቻው የሚጎተት ሰው ብቸኛ ይመስላል፣ ከፊት ለብቻው የሚሄድ ግን ጎበዝ። እርምጃቸውን አፈጠኑ።

"ኧረ ጌታው፣ ጅብ ይከተልዎታል እንዴ?" አሉ ከሁሉም ኋላ የሚያለከልኩት ጨዋታ አዋቂዋ እትዬ የሺመቤት።

"ከላይ እጠብቃችኋለሁ!"

ዳገቱ እንደ ግድግዳ እየቆመ፣ ድንጋዩም እየሾለ ሄደ። በእጃቸውም በጉልበታቸውም ወጡ። የአያ ይፍሩ "ወደ ግራ! ግራውን ያዙ!" የሚለው ጥሪ ቀጠነ፣ ቀጠነና ጠፋ። መቆም እንዳለባቸው ያውቃሉ። ቢቆሙ ግን ጥንዶቹ ይደርሱባቸዋል፤ ያኔስ ከማን ጎን ይሄዳሉ? አልቆሙም።

ጫፉ ላይ አንድ ጠፍጣፋ አለት፣ ነፋስ ያጎበጠው የአስታ ዛፍና ጉም ብቻ ነበር። ስልካቸውን አውጥተው፣ እጃቸውን ዘርግተው ራሳቸውን አነሱ። ፊታቸው አለ፤ ከጀርባቸው ነጭ ነው። ደግመው አነሱ። ያው ነው።

"ደረስኩ!" ብለው ጮኹ። የመለሰላቸው የራሳቸው ድምፅ ነው።

ሰዎቹ ሲመጡ ይቀመጡበታል ብለው ከነፋስ በተከለለ ቦታ ድንጋይ ደረደሩ። ጉሙ ተገፎ እንደገና መጣ። መቀመጫዎቹ ባዶ ናቸው። ካርታ ላይ ስንት ተራራ አስፍረዋል፤ ጫፍ ይህን ያህል ጭር እንደሚል ግን ካርታው አያሳይም።

ሲወርዱ ከግማሽ መንገድ በታች ሳቅ ሰሙ። እትዬ የሺመቤት እግራቸው ወለም ብሎ፣ በሻሽ ታስሮ ተቀምጠዋል፤ ሰዉ ከቧቸው ዳቦ ይበላል። የዚያን ቀን አምባው እዚያ ነበር።

"ምነው ጌታው!" አሉ አያ ይፍሩ ዱላቸውን ይዘው ከተቀመጡበት ብድግ እያሉ። "ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ጠራሁኮ! አሁን ልፈልግዎ ልነሳ ነበር።"

"እኛማ ፎቶም ተነስተን ጨረስን" አለች አንዲት ወጣት።

አቶ ልሳነወርቅ ከክቡ ውጭ ቆመው ቀሩ። "እኔ... ከሁላችሁ ቀድሜ ጫፍ ደረስኩ" አሉ። ቃሉ ከአፋቸው እንደወጣ ለራሳቸውም ቀፈፋቸው።

እትዬ የሺመቤት ቀና ብለው አዩዋቸው። የታሰረ እግራቸውን በሁለት እጃቸው አንስተው ፈቀቅ አሉና የተቀመጡበትን ድንጋይ ግማሹን ለቀቁላቸው። በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያቆዩትን ቁራሽም ፈቱ።

"አንቺ ልጅ፣ ስልክሽን መልሰሽ አውጪ፤ ያ ፎቶ ሰው ጎድሎታል" አሉ። ከዚያ ወደ እርሳቸው ዞረው፣ ቁራሹን እያቀበሉ፣ "መቅደሙንማ ቀድመዋል ወንድሜ፤ ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም።"